ጸሐፊ፦ ያልታወቀ

እህቴ ጡረታ ስትወጣ ሰው ሁሉ «እፎይ ትላለች» ብሎ ነበር። ዕድሜዋን በሙሉ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ኋላ ቆማ፣ ዶሮ የጫረው የሚመስለውን የሐኪም ጽሑፍ ስትፈታ የኖረች ሴት ከእንግዲህ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች ተባለ። እኔ ግን አላልኩም። ታላቄ ናት፣ አውቃታለሁ። ልጆች ሳለን ሥራ ያጣች ዕለት «ና ጥፍርህን ልቁረጥልህ» እያለች ቤቱን ስታዞረኝ የምትውል ነበረች። እንደፈራሁትም ነጩን ጋውኗን ሳታወልቅ ከመድኃኒት ቤቱ ወጥታ የቤተ ክርስቲያናችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ገባች።

ቤተ መጻሕፍት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከአዳራሹ ጀርባ፣ ድሮ የተሰበሩ ወንበሮች ይከማቹበት የነበረ ክፍል ነው። አንድ መስኮት አለው፤ መስኮቱም የሚያየው የውሃ ታንከሩን ብቻ ነው። መስታወቱን የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ መስታወት መቁረጥ ስለሆነ በክፍሉ ውስጥ ነቀፋ የሌለበት ዕቃ እሱ ብቻ ነው ብል ማንም አይቃወመኝም። በሦስቱ ግድግዳ መደርደሪያ፣ መሃል ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ በሩ ሥር ደግሞ ሰው መጽሐፍ በስጦታ የሚጥልበት ካርቶን አለ። ያ ካርቶን የማይቀበለው ነገር የለም። ስለ ሥላሴ የተጻፈ ጡብ የሚያህል መጽሐፍም፣ በአንድ ሳምንት የጸሎት ጀግና አደርግሃለሁ የሚል ቀጭን መጽሐፍም እኩል ይወድቁበታል።

ሽማግሌዎቹን ያስጨነቃቸውም ይኸው ነበር። ማንም ያሳተመውን ማንም እያነበበ፣ አንዱ ከመጽሐፍ ባገኘው ትምህርት ሚስቱን ሊገሥጽ ይነሳል፤ ሌላው የዓለም ፍጻሜ ደርሷል ብሎ ልጁን ትምህርት ቤት አላስመዘግብም ይላል። ስለዚህ እህቴን ጥሩውንና መጥፎውን ለይታ እንድታስቀምጥላቸው ለመኗት። እሷ ግን ገና ከመጀመሪያው ቀን አስቸገረቻቸው። መድኃኒት ቤት ውስጥ «ጥሩ ነው መጥፎ ነው» ተብሎ ብቻ አይሰጥም፤ ለማን፣ ስንት ጊዜ፣ ከምን ጋር ተብሎ ነው የሚሰጠው አለቻቸው። ከዚያ እያንዳንዱን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር፣ ምስጋናውንና ማውጫውን ሳይቀር አንብባ፣ ከሽፋኑ በስተውስጥ ትንሽ ወረቀት መለጠፍ ጀመረች። ሙጫውን የምትቀባው ክኒን ትቆጥርበት በነበረው ጠፍጣፋ ማንኪያ ነው። ወረቀቱ ሁልጊዜ አራት መስመር አለው፦ ጸሐፊ፣ ለማን፣ አወሳሰድ፣ ጥንቃቄ።

ጡብ የሚያህለው የሥላሴ መጽሐፍ «በቀን ሦስት ገጽ፣ ከምግብ በኋላ። በባዶ ሆድ ራስ ምታት ያመጣል» የሚል ተለጠፈበት። ሀብት ስለማግኘት የሚሰብከው ደግሞ «በውጭ የሚቀባ፤ አይዋጥም» ተባለ። ጌታ የሚመጣበትን ዓመት አስልቶ የነገረን መጽሐፍ ነበር፤ ዓመቱ መጥቶ በሰላም አልፏል። በእሱ ላይ የጻፈችው «የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበት» ብቻ ነው። ስለ ትዳር የተጻፈ አንድ መጽሐፍም ነበር፦ «ለባሎች። ሚስቶች አንብበው ለባሎቻቸው ጮክ ብለው እንዳያነቡት» ይላል።

ሰው ከመጽሐፉ ይልቅ ወረቀቱን መውደድ ጀመረ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ክፍሉ ጢም ብሎ ይሞላል፤ መጽሐፍ የሚዋስ ግን ጥቂት ነው፤ የቀረው ሽፋን እየገለጠ ይስቃል። ሕፃናቱ «እማማ ብልቃጥ» የሚል ስም አወጡላት። እኔም ከሚስቁት አንዱ ነበርኩ። እውነቱን ልናገርና በሕይወቴ አንድም የነገረ መለኮት መጽሐፍ ጨርሼ አላውቅም፤ የእህቴን ወረቀቶች ግን በቃሌ ይዤ፣ ሰው መሃል «እሱ መጽሐፍ እንኳ ጉበት ይጎዳል» እያልኩ የተማርኩ ለመምሰል ሞክሬያለሁ።

ሳቁ ጋብ ያለው በአንዲት ሴት ምክንያት ነው። ሴትየዋ ልጇን ቀብራ ብዙም አልቆየችም። ስለ መከራና ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ የተጻፈ ስመ ጥር መጽሐፍ ከመደርደሪያው አውጥታ ሽፋኑን ገለጠች። ወረቀቱ «ቁስሉ ገና ትኩስ ለሆነ ሰው አይሰጥም። መጽሐፉ ትክክል ነው፤ ጊዜው ግን አይደለም» ይላል። ቆማ ደጋግማ አነበበችው፤ ከዚያ መጽሐፉን መልሳ አስቀምጣ፣ እህቴ ጎን ወንበር ስባ ተቀመጠችና አለቀሰች። ከዓመት በላይ ቆይታ ተመልሳ መጥታ ያንኑ መጽሐፍ ተዋሰች። ከዚያን ወዲህ ሽፋን ሲገለጥ ድምፅ ዝቅ ማለት ጀመረ።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ። ጋሼ የምለው የእህቴን ባል ነው። ዘመኑን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኖ ስለኖረ ሰው አሁንም «ዳይሬክተሩ» ይለዋል። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ነው፤ ሲያስነጥስ እንኳ አስቦበት ይመስላል። ሐሙስ ሐሙስ የታመመ ይጠይቃል፤ ከቤተ ክርስቲያን የቀረ ሰው ቤት ይሄዳል። በቀረው ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ ሱቅ ይመጣል። እህቴ ወንድሟን እንዳይደብረው ሊያጫውት የሚሄድ ይመስላት ነበር፤ ላጤ ስለሆንኩ ዘላለም የሚያሳዝነኝ ነገር ያለ ይመስላታል። ጋሼ የሚመጣው ግን መጽሐፍ ለመጻፍ ነበር። ከሱቁ ጓዳ፣ መስታወት የምዘረጋበት ምንጣፍ የለበሰ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ስቆርጥ መስታወቱ ሲንቋቋ ጥርሱን እያፋጨ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ኑሮ ይጽፋል፤ ወንድማማችነት፣ እርቅ፣ ምክር፣ ሕሙማንን መጠየቅ። ቤቱ የማይጽፈው ለምን እንደሆነ የገባኝ ሲጨርስ ነው።

ሲጨርስ ጎረቤት ያለችው ታይፒስት ጻፈችለት፤ አስጠረዘው። ሽፋኑ ላይ ርዕሱ ብቻ ነበር፤ የጸሐፊ ስም አልነበረውም።

«ስምህን ረሳኸው እንዴ?» አልኩት።

«አልረሳሁትም። ካርቶኑ ውስጥ ልጥለው ነው። የእኔ መሆኑን ካወቀች ወይ ታዝንልኛለች፣ ወይ እንዳላዳላ ብላ ትጨክንብኛለች። እኔ የምፈልገው ለማታውቀው ሰው የምትጽፈውን ነው። ለአንድ ሰው እንኳን ይሆናል ካለች አሳትመዋለሁ። አይሆንም ካለች በቃ፣ እተወዋለሁ።»

ይህን ሲል እጁ መጽሐፉ ላይ ነበር፤ እንደ ሕፃን ራስ ነበር የያዘው። ያኔ ነው ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ። ሌላውን ሰው ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ ለራሱ የተመኛት ነገር ይህቺው ብቻ ነበረች። እኔ እንኳ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የራስህን ነገር በሰው አፍ ልትሰማ ምን አስቸኮለህ» ብዬው ነበር። ሳቀብኝ። በማግስቱ ካርቶኑ ውስጥ ጣለው።

እህቴ ለመጽሐፍ ሰልፍ አላት፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይነበባል። የጋሼ ተራ እስኪደርስ ሰውየው መነመነ። ተራው ሲደርስ ደግሞ ባሰ፤ እሷ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ፣ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ታነባለች፤ እሱ በረንዳው ላይ ያለችውን አንዲት የአበባ ማሰሮ ውሃ እያጠጣ በመስኮት ፊቷን ያያል። አበባዋ በውሃ ብዛት ልትሞት ምንም አልቀራት።

እሑድ ምሳ ስንበላ እህቴ ማንኪያዋን አስቀምጣ አንድ የሚገርም መጽሐፍ ጨርሻለሁ አለች። ጋሼ ዳቦውን እንደያዘ ቀረ። ምኑ እንደገረማት ጠየቃት፤ ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ያቺን እርጋታ አደንቅለታለሁ።

አንድም ስህተት እንደሌለበት ነገረችን። ጥቅሱ በየቦታው ነው፤ ትምህርቱ ቀጥ ያለ፤ አጻጻፉ የተስተካከለ። ጋሼ ፊቱ እየበራ መጣ። እኔም ሾርባዬን በሰላም መጠጣት ጀመርኩ።

«ግን ዱቄት ነው» አለች።

ምን ማለት እንደሆነ አስረዳችን። ክኒን የሚመስል፣ በክኒን ልክ የተጨመቀ፣ ተቆርሶ ሲታይ ግን ውስጡ መድኃኒት የሌለበት ነገር አለ። አይገድልም፤ አያድንም። ይሄም መጽሐፍ እንደዚያ ነው።

«ሕሙማንን ስለ መጠየቅ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለው» ብላ ቀጠለች። «ይሄ ሰውዬ በዕድሜው አንድ ታማሚ ቤት የገባ አይመስለኝም።»

ሾርባው ትን አለኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይቺ ናት። ጋሼ ዳቦውን በቀስታ ሳህኑ ላይ መለሰው።

«ምናልባት ገብቶ ይሆናላ» አላት።

«ገብቶ ከሆነም በር ላይ ቆሞ ነው የተመለሰው። ብላ እንጂ፣ ሾርባው ቀዘቀዘብህ።»

በማግስቱ ወረቀቱን ለጥፋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ሄጄ አየሁት። «ጸሐፊ፦ ያልታወቀ። ለማን፦ ለማንም። አወሳሰድ፦ እንደፈለጉ። ጥንቃቄ፦ ጉዳት የለውም፤ ጥቅሙም አልታየም።» ጋሼም እንዳየው አውቃለሁ፤ ምክንያቱም ሌላ ቀን ስመለስ መጽሐፉ የረጅም ሰው እጅ ብቻ የሚደርስበት የላይኛው መደርደሪያ ላይ ተመልሶ ነበር።

እኔ በዚህ ዓይነት ነገር ቶሎ ነው ደሜ የሚፈላው። እህቴ ላይ ተናደድኩ፣ ጋሼ ላይ ተናደድኩ፣ መጽሐፍ የሚባል ነገር በፈለሰፈው ሰው ላይም ተናደድኩ። ጋሼ ግን አልተናደደም። ሱቅ መጥቶ፣ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ «ልክ ናት» ብቻ አለኝ። ቅስሙ ተሰብሯል። ከዚያ በኋላ መምጣቱን ተወ።

ይህም አይደለም ያስደነገጠኝ። ሐሙስ ሲደርስ ልብስ ሰፊው ጋ ሳይሄድ ቀረ። ልብስ ሰፊው እግሮቹ አልታዘዝ ካሉት ወዲህ ከአልጋ የማይወርድ ሽማግሌ ነው፤ ጋሼ ዝናብ ሆነ ፀሐይ ሐሙስን አሳልፎበት አያውቅም። ለእህቴ ጉልበቴን አሞኛል አላት። በሚቀጥለው ሐሙስም ጉልበቱ ነው። ለእኔ ግን የልቡን ነገረኝ፤ እዚያ ቤት ሊሄድ ሲነሳ እህቴ ምሳ ላይ ያለችው ትዝ እያለው ከመንገድ እንደሚመለስ። «ምናልባት በር ላይ ቆሜ ስመለስ ነው የኖርኩት» አለኝ።

ጉልበት አመመኝ ብሎ የመድኃኒት ባለሙያ ማታለል እንግዲህ የጋሼ ብቻ ሞኝነት ነው። እህቴ ጉልበቱን ጨብጣ፣ አጥፋ ዘርግታ፣ ከእኔ የተሻለ ጉልበት መሆኑን አረጋገጠችና እየገሰገሰች ሱቄ መጣች። ሰውየው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ መስታወቴን መጥረግ ያዝኩ። ያለ ሐኪም ማዘዣ መድኃኒት ሊወስድ የመጣ ሰው የምታይበት ዓይን አላት፤ በዚያ ዓይን አየችኝ። ምን ላድርግ።

«እትዬ፣ ያ መጽሐፍ የእሱ ነው» አልኳት።

የቱ መጽሐፍ ብላ አልጠየቀችም። የመስታወት ሣጥን ላይ ቁጭ አለች፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ተነሽ እላት ነበር። ወረቀቱን ልጣ ሌላ እንድትለጥፍ መከርኳት፤ ባሏ አይደለም ወይ፣ ማን ያያታል።

«ወረቀቱማ ልክ ነው» አለችኝ። «የደነገጥኩት በእሱ አይደለም። ይሄን ሁሉ ዘመን አብሬው የኖርኩ ሴት፣ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቤ አንድ ቦታ እንኳን አላገኘሁትም። የት ሄዶ ነው?»

ከዚያ ተነሳች፤ ጋውኗን አራገፈች፤ ወደ ልብስ ሰፊው ቤት እንድወስዳት አዘዘችኝ። እህቴ ስታዝ የሚቃወም ካለ እኔ አላየሁም፤ ሱቁን ቆልፌ ተከተልኳት።

ልብስ ሰፊው የሚኖረው ከደረጃ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። የስፌት መኪናው ጨርቅ ለብሶ መስኮቱ ሥር ቆሟል፤ አልጋው ከጎኑ ነው፤ ከአልጋው ራስጌ መርፌዎች የተሰኩባት ቡጢ የምታህል ትራስ ተንጠልጥላለች። መርፌዎቹ ሁሉ ባዶ ናቸው፤ አንዱም ክር የለበትም። ሽማግሌው እንዳየን ሰላምታችንን ሳይጨርስ ዳይሬክተሩ ታሞ እንደሆነ ጠየቀ። ደኅና ነው ብንለው ጊዜ ተቆጣ፤ ደኅና ከሆነ ታዲያ የት ገባ?

ኋላ ነገሩን ዘረገፈልን። እግሩ ቢተወውም እጁ አልተወውም፤ አልጋው ላይ ተቀምጦ የጎረቤቱን ቁልፍ ይተክላል፣ የተተረተረ ይጠቅማል። ዓይኑ ግን መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር አያስገባም። ጋሼ ሐሙስ መጥቶ ለሳምንት የሚበቃውን መርፌ ሁሉ ክር አስገብቶለት ትራሷ ላይ ይሰካል፤ ጥቁሩን ከጥቁር፣ ነጩን ከነጭ።

«መጥቶ አይሰብከኝም» አለን። «ሁለት መነጽር ደርቦ ያደርግና፣ የክሩን ጫፍ በከንፈሩ እያረጠበ ይታገላል። በሳተ ቁጥር ይቅርታ ይላል፤ ለእግዜር ይሁን ለመርፌው አላውቅም። እኔ ስለ እግሬ አማርራለሁ፣ አንዳንዴም አምላክን እናገረዋለሁ። እሱ አይገሥጸኝም፤ ክሩን ነው የሚያስገባው። ሲጨርስ አጭር ጸሎት ይጸልያል። መርፌዬ ሲያልቅ ሊመጣ ነው እላለሁ።»

እህቴ ትራሷን ከግድግዳው አወረደች። ጡባዊ ስትቆጥር የኖረች ጣት ናት፤ አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን እንደ ማሽን ክር አስገብታ ሰካች። ሽማግሌው ዓይኑን አጥብቦ አያት።

«አንቺ ፈጣን ነሽ» አላት። «የእሱ ይሻላል። እሱ ቶሎ አይጨርስም።»

እህቴ ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተለወጠባትና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የቀሩትን መርፌዎች ባዶአቸውን ተወቻቸው። ትራሷን ቦታዋ መልሳ ሰቀለችና እነዚህ ለባለሙያው ይቆዩ አለች።

ቤት ስንደርስ ጋሼ በረንዳው ላይ ነበር፤ ቢያንስ አበባዋን ውሃ እያጠጣ አልነበረም። እህቴ በመንገዳችን ቤተ መጻሕፍቱ ጎራ ብላ ያመጣችውን መጽሐፍ ጭኑ ላይ አኖረችለት። እኔን አየኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ይሄን የጻፈው ማነው?» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

«ውሸትህን ነው። አንተ እኮ ልብስ ሰፊው ቤት መርፌ ስትታገል ነበርክ። ይሄን የጻፈው ሰውዬ አንተን አያውቅህም።»

ጋሼ መርፌና ክር በመጽሐፍ የሚጻፍ ነገር እንዳልመሰለው ተናገረ። ትምህርት አይደለም፤ ነገረ መለኮት የለበትም፤ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። ትልልቆቹ ጸሐፊዎች እንዲህ አይጽፉም።

«መድኃኒቱ እሱ ነው» አለችው። «ሌላው ክኒኑ እንዳይመርር የሚለበጥ ስኳር ነው። አንተ ስኳሩን አስጠርዘህ መድኃኒቱን ልብስ ሰፊው ቤት ረሳኸው።»

«ወረቀቱስ?» አላት።

«ወረቀቱ ይቆያል።»

ጋሼ ሳቀ። ከዚያች ምሳ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው፤ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ ጀምሮ ትከሻውን እያነቃነቀ። ከዚያ ተነሳና ሁለቱን መነጽሮቹን ፈልጎ ኪሱ ከተተ። ሐሙስ አልነበረም። ጉልበቱም ምንም አላለውም።

መጽሐፉን እንደገና መጻፍ ጀመረ፤ አሁንም እኔ ሱቅ። ይሄኛው ግን አስቸጋሪ ነበር። ድሮ ቁጭ ብሎ ዝም ብሎ ይጽፍ የነበረው ሰው አሁን አንድ መስመር ጽፎ ሁለቱን ይሰርዛል፤ ይነሳል፣ ይቀመጣል፤ መስታወት ላይ በአመልካች ጣቱ ይጽፍና እንድጠርግ ያደርገኛል። አንዳንዴ እኔን ያማክረኛል፦ ያን ጊዜ ተጣልተን አኩርፌህ ሳለ ያስታረቀን ምን ነበር ይለኛል። ምን እንደሆነ ነገርኩት፤ የተሰበረውን የሱቄን በር ሊያበጅ የመጣ ጊዜ ነው፤ ይቅርታ አልተባባልንም፣ ማጠፊያውን ያዝልኝ ነው ያለኝ። ጻፈው። ዝናቡ መጥቶ ሄደ፤ ብርዱም መጣ፤ ጋሼ ይሰርዛል። እህቴ አንድ ቀን እንኳ ምን ደረሰ ብላ አልጠየቀችም። ሰልፏን ጠብቃ የሌሎችን ታነባለች።

ሲያልቅ እንደ መጀመሪያው አስጠረዘው፤ ያለ ስም። እንደ መጀመሪያው ካርቶኑ ውስጥ ጣለው። እኔ አሁንስ አበደ አልኩ። እሑድ ምሳ ላይ እህቴ ምንም አላለችም። በሚቀጥለውም ስለ ሾርባው ጨው ብቻ ነው ያወራችው። ጋሼ ይበላል፤ እኔ ነኝ መብላት ያቃተኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የመስኮቱን መስታወት ላየው ነው የሚል ሰበብ ይዤ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። መስታወቱ ምንም አልሆነም፤ የእኔ ሥራ ነው አልኳችሁ። እህቴ ጋውኗን ለብሳ ጠረጴዛው ላይ ነበረች፤ መጽሐፉ ፊቷ ተዘርግቷል፤ የሙጫው ብልቃጥ ክፍት ነው። እርሳሷ ጆሮዋ ላይ ነበር፤ ይህም ማለት አንድም ቦታ አላሰመረችም። መነጽሯን አውልቃ በጋውኗ ጫፍ እየጠረገች ነበር፤ ጠርጋ ስታበቃ ዓይኗንም ጠረገች። አላፈረችብኝም። በጣቷ የመጀመሪያውን መስመር አሳየችኝ፤ አነበብኩት፦ «የታመመ ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ መቀመጫ ፈልግ፤ ጥቅሱን በኋላ ታገኘዋለህ።» ጋሼ ቀስ ብሎ ሲናገር የሰማሁት መሰለኝ።

ወረቀቱን ሳበችና መጻፍ ጀመረች። ትከሻዋ ላይ አንገቴን አስግጌ አነበብኩ። ለማን፦ ቆሞ ለሚጸልይና መቀመጥ ላቃተው ሁሉ። አወሳሰድ፦ በዝግታ። ጥንቃቄ፦ ያነበበው ሰው ጫማውን አድርጎ ከቤት ይወጣል። የላይኛዋን መስመር ግን ባዶ ትታት ነበር። በሌሎቹ ላይ መጀመሪያ የምትጽፈው እሷን ነው።

ላሾፍባት ብዬ፣ መጽሐፉ ስም እንደሌለው፣ ስለዚህ ያልታወቀ ብላ እንድትጽፍ ነገርኳት።

«መጽሐፉ የማን እንደሆነማ ካርቶኑ ውስጥ ሳየው አውቄያለሁ» አለች። «እሱን ያገኘሁት ግን ይቺው መስመር ላይ ነው።»

ብዕሯን አነሳችና «ጸሐፊ፦ ባሌ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ማንኪያዋን ሙጫው ውስጥ ነከረች፤ እንደ ልማዷ ሳይሆን ቀስ ብላ፣ ዳር ዳሩን ሳትቸኩል ቀባችው።